የኪት ናይትን ካርቱን ከቴሌቪዥኑ በፊት አንብቡት

«ዘ ኮምፕሊት ኬ ክሮኒክልስ» ተኝተው የሚያነቡት መጽሐፍ አይደለም። 500 ገጽ ገደማ ነው፤ ደረት ላይ ሲያርፍ ይከብዳል። ጠረጴዛ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጠረጴዛ ሞልቶልኛል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ አፓርትመንት ሕንፃ መግቢያ ላይ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ፓኬጅ እቀበላለሁ፣ ቁልፉን የረሳ ተከራይ አስገባለሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ግን ዝር የሚል የለም። መጽሐፉን የጨረስኩት እዚያው ነው። ብቻዬን ስንከተከት የሕንፃው ካሜራ ቀርጾኛል፤ አለቃዬ ባያየው ደስ ይለኛል።

መጽሐፉ የካርቱን ስብስብ ነው፤ ሥራው በኋላ በቴሌቪዥንም ተሠርቷል። የካርቱኑ ባለቤት ኪት ናይት ይባላል። በካርቱኑ ውስጥ ደግሞ «ኪፍ» ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ተወልዶ ቦስተን አጠገብ ባለችው ማልደን ያደገ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጓዙን ጠቅልሎ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። እዚያ በአንድ የራፕ ባንድ ውስጥ እየተጫወተ «ኬ ክሮኒክልስ» የተባለውን ሳምንታዊ ካርቱን መሳል ያዘ። ካርቱኑ የራሱ ሕይወት ነው። የቤት ኪራይ፣ የጋራ ቤት ጓደኞች፣ አውቶብስ፣ ፍቅር፣ ባንዱ፣ ፖሊስ። ሁሉም አንድ ላይ።

ይሄ «አንድ ላይ» የሚለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ስለ ዘር የሚሠሩ ብዙ ቀልደኞች አሉ። ብዙዎቹ ግን ገና ሲጀምሩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ «አሁን ቁምነገር ልናገር ነው» ይላሉ። ናይት እንደዚያ አይደለም። አንዱ ገጽ ላይ ስለማይረባ ነገር ያስቃችኋል። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ፖሊስ የገደለው ሰው አለ። ያው ብዕር፣ ያው የተንጋደደ ፊደል፣ ያው ፀጉሩ የተንጨባረረ ኪፍ። ሽግግር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባል። በኋላ ግን ልክ እንደሆነ ይገባችኋል፤ ኑሮውም እንደዚያ ነዋ። ዘረኝነት ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ወተት ልትገዛ ስትወጣ ነው የሚገጥምህ።

ሥዕሉን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ «ቆንጆ» የሚባል ሥዕል አይደለም። ኪፍን እዩት። ድሬድ ፀጉሩ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይበተናል። አፉ ሲከፈት ግማሽ ፊቱን ይወስዳል። ሲደነግጥ ሁለመናው ይደነግጣል። ሳጥኖቹ በጽሑፍ ጢም ብለዋል፤ በእጅ የተጻፈው ፊደል ቦታ ሲያጣ ጥግ ላይ እየተጨማደደ ይገባል። አንዳንድ ገጽ ላይ የማንበቢያ መነጽሬን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። ነገር ግን ይሄ ዝርክርክነት ለሥራው ይጠቅመዋል። ሰውዬው መጀመሪያ የሚስቀው በራሱ ላይ ነው። ራሱን እንደዚያ ካዝረከረከ በኋላ ወደ ሌላው ሲዞር «ሊሰብከኝ ነው» ብላችሁ አትሸሹም። በሳቅ ደክማችሁ ክንዳችሁን ካወረዳችሁ በኋላ ነው ቡጢው የሚያርፈው።

ሰምና ወርቅ ፍለጋ ግን አትድከሙ። የለም። ሰውዬው ያሰበውን ነው የሚናገረው፣ አንዳንዴም ከነስድቡ።

ከምወዳቸው አንዱ «ላይፍስ ሊትል ቪክትሪስ» የሚለው ክፍል ነው። የኑሮ ጥቃቅን ድሎች ማለቱ ነው። ምንም ታሪክ የለውም፤ ሰው በቀኑ ውስጥ የሚያገኛቸው ትንንሽ ደስታዎች ናቸው የተሳሉት። እኔ ብሆን ከፈረቃ ስወጣ አውቶብሱ በሩን ከፍቶ ቆሞ ማግኘትን አስገባ ነበር። አንድ ጥቁር ካርቱኒስት በዚህ አገር ስለ ጥቃቅን ደስታ ገጽ ሙሉ መሳሉ ራሱ አቋም ነው። ጋዜጣው ከእሱ የሚጠብቀው ወይ ምሬት ወይ ጭፈራ ነው። እሱ ግን እንደማንኛውም ሰው ተራ ቀን እንዳለው ነው የሚነግራችሁ።

ይሄን አመለካከት ከየት አመጣው ብዬ አንብቤ ነበር። ኮሌጅ እያለ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምረው ጥቁር መምህር ነበረው። መምህሩ ለክፍሉ እንዲነበቡ የሰጣቸው መጻሕፍት ሁሉ የጥቁር ደራሲያን ነበሩ። አንድ ተማሪ «ለምን የጥቁሮች ብቻ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መምህሩ የሰጠኋችሁ በሙሉ የአሜሪካውያን ደራሲያን ሥራ ነው ብሎ አረፈው። ናይት ይህን ታሪክ በየመድረኩ ይናገረዋል። ካርቱኖቹን ስታነቡ የመምህሩ መልስ በየገጹ አለ። ናይት የሚጽፈው ስለ አሜሪካ ነው፤ አሜሪካን ግን ከራሱ ወጥ ቤት ሆኖ ነው የሚያያት።

አሁን አንድ ካርቱን በቅርበት ላሳያችሁ። በ2008ቱ ምርጫ ወቅት አንድ ወሬ በሰፊው ይናፈስ ነበር። ለኦባማ የሚቀሰቅስ ሰው የአንድ ነጭ ቤተሰብ በር ያንኳኳል። ሴትዮዋ ትከፍታለች። «ማንን ልትመርጡ አስባችኋል?» ሲላት ወደ ውስጥ ዞራ ባሏን ትጠይቃለች። ባልየው ከውስጥ ሆኖ ጥቁር ሰው ከሚሰደብበት ስድብ ሁሉ የከፋውን ቃል ይጠራና «እሱን ነው የምንመርጠው» ይላል። ናይት ይህችን ወሬ ካርቱን አደረጋት። ቃሉንም አልሸፋፈነም። ካርቱኑ በፔንስልቬኒያ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ተቃውሞ ተነሳ።

እኔ ይቺን ካርቱን ለሥራ ባልደረባዬ አሳየሁት። እሱም ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፣ ሰው አክባሪ ነው። አየና ዝም አለ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ «ይሄን ለልጆች አታሳይ» አለኝ። ሦስቱም ልክ ነው። ቀልዱ ሁለት ነገር ባንዴ ይዟል፤ ሰውዬው ዘረኛ ነው፣ ድምፁን ግን ለጥቁር ሰው ሰጥቷል። አገሩ ተለውጧል፣ አልተለወጠምም። ይህን በጋዜጣ ዓምድ ልጻፍ ብትሉ አንድ ሺህ ቃል ይፈጃል። ተማሪዎቹ መናደዳቸውም አይገርመኝም። ያ ቃል ጋዜጣ ላይ ሲያዩት ቀልዱ ጋ ሳይደርሱ የሚያቆም ቃል ነው።

የጋዜጣ ካርቱን ዓለም ለጥቁር ሠዓሊ ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ማወቅ መጽሐፉን ለማንበብ ይረዳል። ከናይት በፊት ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ጃኪ ኦርምስ በ1937 በጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ካርቱን ትሠራ ነበር። ሞሪ ተርነር በ1965 «ዊ ፓልስ» የተባለውን የልጆች ካርቱን ጀመረ፤ ካርቱኑን ይዘው ይወጡ የነበሩት ጋዜጦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ቁጥሩ ከመቶ አለፈ። ተርነር ሥራው በዚያ ምክንያት መፈለጉ እንዴት እንደሚከብደው ማሰብ አያቅትም። በኋላ አሮን መግሩደር በ1999 «ዘ ቡንዶክስ» የተባለውን ካርቱን ይዞ መጣና አገሩን አነጋገረ። ከእሱ በኋላ የመጣ ጥቁር ሠዓሊ ሁሉ «አንድ አለን እኮ» የሚባልበት ጊዜ ሆነ። አንድ ጋዜጣ ሃያ የነጭ ካርቱን ደርድሮ የጥቁር ግን አንድ ይበቃዋል።

የካቲት ላይ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2008፣ ነጭ ያልሆኑ ካርቱኒስቶች ተመካክረው በየካርቱናቸው ያንኑ ቀልድ አወጡ። አንድ ነጭ አንባቢ የጥቁር ሠዓሊ ካርቱን ያይና «ይሄ እኮ የቡንዶክስ ቅጂ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ያው ቀልድ፣ በተለያየ እጅ ተስሎ፣ ባንድ ቀን። በቃ፣ ጋዜጣ ከፍቶ ያየ ሰው መልእክቱን አገኘ። ናይት ራሱ «ዘ ናይት ላይፍ» የተባለውን ዕለታዊ ካርቱኑን ወደ ጋዜጦች ያስገባው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት በ2007 በሳምንታዊው ካርቱኑ የሃርቪን የካርቱን ሽልማት አግኝቶ ነበር። ዕለታዊው ስለ ባለቤቱና ስለ ቤተሰቡ ያተኩራል፤ ባለቤቱ ጀርመናዊት ናት። ጨዋ ነው። ለእኔ ትንሽ አብዝቶ ጨዋ ነው። ሳምንታዊው ላይ ያለው እብደት ለጋዜጣ ሲባል ፀጉሩን ተበጥሮ የመጣ ይመስላል።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልሂድ። «ዎክ» ይባላል፤ የነቃ ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2020 «ሁሉ» በተባለው የቪዲዮ አገልግሎት ላይ ወጣ፤ ሁለት ምዕራፍ ሠርቶ ቆመ። ናይት ከፈጣሪዎቹ አንዱ ነው። ላሞርን ሞሪስ ኪፍን ሆኖ ይጫወታል። ታሪኩ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ኪፍ ቂቤና ዳቦ የሚያወሩበት ሰላማዊ ካርቱን ይሠራል፤ ሥራው ጋዜጦች ላይ ሊሠራጭለት ነው። ፖለቲካ አይነካም። አንድ ቀን ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ፖሊሶች መሣሪያ መዝዘው ይከቡታል፣ መሬት ላይ ያስተኙታል። የሚፈለግ ወንጀለኛ ይመስላልና። ከዚያ በኋላ ዕቃ ሁሉ ያናግረው ጀመር። የሚስልበት ማርከር ይሰድበዋል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይመክረዋል። የማርከሩን ድምፅ ጄ ቢ ስሙቭ ነው የሠራው፤ እሱ ባለበት ቦታ ሁሉ ሥራው ነፍስ ይዘራል።

የፖሊሱ ነገር ፈጠራ አይደለም። ናይት በወጣትነቱ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የባንዱን ፖስተር ሲለጥፍ ፖሊስ በዘራፊነት ጠርጥሮ አስቁሞታል። ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ነገር ለወጠ፤ እኔ ቅር የሚለኝም እሱ ነው። የቴሌቪዥኑ ኪፍ እስከዚያች ቀን ድረስ ምንም አያውቅም። ተኝቷል። ፖሊስ ነው የሚቀሰቅሰው። የወረቀቱ ኪፍ እንደዚህ አይደለም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነቅቷል። ነቅቶም ይስቃል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ ሴት ይወዳል። ቴሌቪዥን «ከመንቃቱ በፊትና በኋላ» የሚል ታሪክ ይወዳል፤ ጀግና መለወጥ አለበት ይላሉ መሰለኝ። ለተመልካች ይቀላል። ነገር ግን የሥራውን ዋናውን ነገር አወጣው። የናይት ቀልድ የሚጥመው ዘረኝነትን ዛሬ ያወቀ ሰው ቀልድ ስላልሆነ ነው። ሲያውቀው የኖረ፣ የለመደው፣ ሆኖም መናደዱን ያልተወ ሰው ቀልድ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ያም ሆኖ ደህና ነው። ፖሊሶቹ ኪፍን ሲያስተኙት ያለችው ትዕይንት አጭር ናት፤ ሙዚቃ አላበዙባትም። ልጄ አብሮኝ አይቷት ስልኩን አስቀመጠ። ስልኩን የሚያስቀምጥ ልጅ አይደለም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ታሪኩ ወደ ተቃውሞና ዝና ንግድ ይዞራል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን ቀልዱ ሳሳ። ማርከሩንም እንደ ልቤ አላገኘሁትም።

ልጄን ካነሳሁ አይቀር ይሄን መጽሐፍ ለምን እንደያዝኩት ልንገራችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ልጅ 15 ዓመት ከስድስት ወር ሲሞላው የመኪና መንዳት መለማመጃ ፈቃድ ይወስዳል። የእኔው ወስዷል። ወንድሜ ደግሞ ቀድሞኝ የመጣ ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። «ፖሊስ ሲያስቆምህ ኢትዮጵያዊ ነኝ በለው» ብሎ መከረው። ልጄ «አጎቴ፣ መስኮቱን ከመክፈቴ በፊት ነው በኋላ የምለው?» አለው። ወንድሜ መልስ አጣ። ቡና ቀረበ፣ ወሬው ተቀየረ።

እኛ ሐበሾች በዚህ ጉዳይ ላይ የምንለው ነገር አለን። «የእነሱ ነገር ሌላ ነው፣ እኛ ሥራችንን እንሠራለን» እንላለን። እኔም ቤት ይባላል። ለልጄ ግን የሚመክሩት ጎረቤቶቼ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እጅህን መሪው ላይ አድርግ። ሊብሬ ከመኪናው ኮመዲኖ ከማውጣትህ በፊት «ላወጣ ነው» በል። ጮክ ብለህ አትናገር፣ አታጉረምርምም። ናይት ይህንን ዓይነት ምክር በካርቱን ሲሠራ ኖሯል። «ጥቁሮችን ይተኩሱባቸዋል፣ አይደል?» በሚል ርዕስ የፖሊስ ጭካኔ ላይ የሠራቸውን የሃያ ዓመት ካርቱኖች እያሳየ ኮሌጅ ለኮሌጅ ይዞራል፤ በመጽሐፍም ወጥቷል። በዚያ ርዕስ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ መሳል መቻሉን አስቡት። ሠዓሊው ጉዳይ አጥቶ አያውቅም ማለት ነው።

ልጄ መጽሐፉን ከእኔ በላይ ፈጥኖ ገባው። እኔ ማብራሪያ የምፈልግባቸው ብዙ ገጾች አሉ። ይሄ ለእኛ ዓይነት አንባቢ ዋናው ችግር ነው። በ1990ዎቹ የነበሩ የራፕ ሙዚቀኞች፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች፣ የቤዝቦል ቡድኖች ይጠቀሳሉ፤ ያኔ እዚህ ላልነበረ ሰው ቀልዱ ያልፈዋል። የአራቱ የቀድሞ መጻሕፍቱ ርዕሶች ራሳቸው በሌላ ፊልም፣ በሌላ አልበም ስም ላይ የተቀለዱ ናቸው። «ፊር ኦፍ ኤ ብላክ ማርከር» (የጥቁር ማርከር ፍርሃት) የሚለውን ርዕስ ሳነብ አለፍኩት፤ ልጄ ነው «ይሄ እኮ ፐብሊክ ኤነሚ በሚባለው የራፕ ቡድን አልበም ስም ነው የተቀለደው» ያለኝ። አንድ ተከራይ ደግሞ በዴስኬ ሲያልፍ ይቺን ርዕስ አየና፣ ፈገግ ልበል አልበል በሚል ፊት ሊፍቱን ሲጠብቅ ቆየ። የናይትን ካርቱን ያየ ሰው የሚያሳየው ይሄን ፊት ነው።

ሌላው የሽንት ቤት ቀልድ ነው። በዛብኝ። ሰውዬው ጎበዝ ነው፣ ግን ፈስ ያስቀዋል። አንዴ ይሁን፣ ሁለቴ ይሁን። በአምስት መቶ ገጽ ውስጥ ግን ይሰለቻል። የድግግሞሹ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሳምንት አንድ እየተነበበ እንዲያስቅ የተሠራ ነገር አንድ ላይ ሲጠረዝ ጥርሱ ይደነዝዛል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ለመጨረስ አትሞክሩ። ዐሥር ገጽ አንብቡና ዝጉት።

ማን ያንብበው? ዘረኝነት ምን እንደሆነ በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በማክሰኞ ቀን ማየት የሚፈልግ ያንብበው። እዚህ አገር የወለዱ ወላጆች ያንብቡት፤ ከልጆቻችሁ ጋር ልታወሩበት የምትችሉት ነገር ታገኛላችሁ፣ ልጆቻችሁም ለአንዴ እናንተን የሚያስረዱበት። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አልሰጥም፤ ስድብ አለ፣ ከላይ ያልኩት ቃልም አለ። ለትንንሾቹ ናይት ሥዕሉን የሠራለት «ጄክ ዘ ፌክ» የሚባል የልጆች መጽሐፍ አለ፤ ጽሑፉ የሌሎች ነው። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወዳዋለች።

መጽሐፉ በ2008 በዳርክ ሆርስ የታተመ ነው። አዲስ ቅጂ ፍለጋ ብዙ አትንከራተቱ፤ ቤተ መጻሕፍታችሁ ባይኖረው ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ያስመጣላችኋል፣ አገልግሎቱን የሚጠቀም ሐበሻ ግን ብዙ አላይም። ያገለገለ ከገዛችሁ ጀርባውን አገላብጡ። የእኔ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ነው የመጣው፤ አሁን ሁለት ቦታ በስኮች ይዤዋለሁ። ቴሌቪዥኑን ደግሞ ከመጽሐፉ በኋላ ክፈቱት፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እዩ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ከተረፋችሁ።